በኤርፖርት የምናሳልፋት ሌሊት

በዚህ ዓምድ ስለ ውል፣ ስለ ደመወዝና ስለ ጤና ስንማማር ቆይተናል። የዛሬው ትምህርታችን ግን ከእነዚህ ለየት ይላል። ይኸውም ከቤሩት፣ ከአማን ወይም ከኩዌት ወደ አገራችን ስንጓዝ በመካከል በዶሐ ወይም በዱባይ ኤርፖርት ተቀምጠን ስለምናነጋት ሌሊት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ርእሱን የመረጥነው አገር ቤት ከገቡ በኋላ ከሚደውሉልን እኅቶች የምንሰማው ስለበዛብን ነው። አውሮፕላን ያመለጣቸው አሉ። ቦርሳቸውን ያጡ አሉ። ከሁሉ የሚበዙት ግን ዐይናቸው ሳይከደን አድረው፣ ቦሌ ሲደርሱ ደክመውና ግራ ተጋብተው፣ ለሦስት ዓመት የደከሙበትን ገንዘብ በመጀመሪያዋ ሳምንት በትነው የጨረሱ ናቸው።

እስቲ ስለዚህች ሌሊት ጥቂት እናስብ። በሰው ቤት ስንኖር ሌሊቱ የእኛ አልነበረም። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንነሣለን፤ እንግዳ ሲያመሽ አብረን እናመሻለን፤ ማዳም ስትጠራ ከእንቅልፋችን እንባንናለን። ቤተ ሰብ ዘንድ ስንደርስም ሌሊቱ የእኛ አይሆንም፤ ጎረቤቱ ይመጣል፣ ወሬው ይበዛል፣ ቡናው ይደጋገማል። በሁለቱ መካከል ማንም የማይጠራን፣ ማንም የማይጠይቀን አንዲት ሌሊት ትገኛለች። ፓስፖርታችንም በእጃችን ነው። በኳታር፣ በኤምሬትስና በኩዌት አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ብዙዎቻችሁ ፓስፖርታችሁን ከገባችሁበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትይዙት በዚያች ቀን እንደ ሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ይህችን ሌሊት እንዴት እንጠቀምባት የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ሰዓቱን ማወቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢሟላ ይህ ከተሳሳተ ከንቱ ነው።

የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ጊዜ ሲሆን፣ በቲኬቱ ላይ 00:00 ተብሎ ይጻፋል። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ቀን ሲነጋ ይጀምራል ብለን ነው የለመድነው። ብዙ እኅቶች አውሮፕላን የሚያመልጣቸው በስንፍና ሳይሆን በዚህ ልዩነት ነው። ለምሳሌ ቲኬቱ «ጃንዋሪ 15፣ 00:40» ቢል፣ ጃንዋሪ 14 ቀን ውለን አምሽተን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። ወደ ኤርፖርት የምንሄደው ጃንዋሪ 14 ማታ ነው። ጃንዋሪ 15 ማታ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች እኅት አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ደረሰች ማለት ነው።

ወደ እኛ አቆጣጠር ለመለወጥ ቀላል መንገድ አለ። በቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ የቀረው ከ12 ከበለጠ እንደ ገና 12 ቀንሱ። ከ7 በታች ከሆነ ደግሞ 6 ደምሩ። እንግዲህ 08:20 ከጠዋቱ 2:20 ይሆናል፤ 14:05 ከቀኑ 8:05 ነው፤ 20:30 ከምሽቱ 2:30 ነው፤ 02:10 ደግሞ ከሌሊቱ 8:10 ነው። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ቲኬት በእጃችሁ ካለ አሁኑኑ አውጡና ሞክሩት። ማንበብ የሚያስቸግራት ጓደኛ ካለቻችሁም አብራችሁ ሥሩላት።

ሁለተኛው ነገር የአገር ሰዓት ልዩነት ነው። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ አውሮፕላኑ የሚነሣበት ወይም የሚያርፍበት ከተማ ሰዓት ነው። የዶሐ፣ የኩዌት፣ የሪያድና የባሕሬን ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። አማንም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ እንደዚሁ ሆኗል። ዱባይና ሙስካት ከእኛ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ቤሩት በክረምታቸው ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በበጋቸው ደግሞ እኩል ይሆናል። ስለዚህ በጃንዋሪ ወር ከቤሩት ተነሥታ ዱባይ የምታድር እኅት የእጅ ሰዓቷን በሁለት ሰዓት ወደ ፊት ማዞር አለባት። ስልክ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያስተካክላል እንጂ፣ መስመር ካላገኘ ወይም በበረራ ጊዜ እንደ ተዘጋ ከቀረ አሮጌውን ሰዓት ይዞ ይቆያል። በኤርፖርቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እመኑ።

ቲኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ከመነሣታችሁ በፊት ቲኬቱን ለቈረጠላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ አቅርቡ። በአንድ ቲኬት ከቤሩት በዶሐ አድርጋችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ሻንጣችሁን ዶሐ ላይ አታገኙትም፤ ቀጥታ ቦሌ ይሄዳል። ሻንጣውን ስታስረክቡ በሚታሰርበት ወረቀት ላይ የአዲስ አበባ ምልክት የሆኑት ሦስቱ የላቲን ፊደላት፣ «ኤ፣ ዲ፣ ዲ» የሚሉት፣ መኖራቸውን ተመልከቱ፤ የሚሰጣችሁን ቍራጭ ወረቀትም አትጣሉ። በአንድ ቲኬት ስትጓዙ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኀላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። አዲስ ቲኬት ግዙ ቢሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ አየር መንገዱ የትራንስፈር ጠረጴዛ ሂዱ።

ርካሽ ነው ተብሎ ሁለት የተለያየ ቲኬት ከተገዛላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሻንጣችሁ በመካከል ሊወጣ ይችላል፤ እርሱን ለመቀበል ወደ አገሩ መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ ቪዛ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም፤ ገንዘባችሁንም አይመልስም። በእኛ አሳብ ሃያና ሠላሳ ዶላር ለማትረፍ ብሎ በሁለት ቲኬት መጓዝ፣ በተለይ ቋንቋውን ለማታውቅና ለብቻዋ ለምትሄድ እኅት፣ አይመከርም።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ15 (22:15) ዶሐ አረፋችሁ እንበል። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚነሣው ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 (08:20) ነው። በመካከሉ ዐሥር ሰዓት ከአምስት ደቂቃ አለ። ለመውረድ፣ ለፍተሻና ቦታችሁን ለማወቅ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። በመጨረሻም ለመሳፈር አንድ ሰዓት ተዉለት። የቀረው 8 ሰዓት የእናንተ ነው።

ከአውሮፕላን ስትወርዱ ሕዝቡ ሁሉ ወደሚሄድበት አትከተሉ። የሻንጣ ሥዕል ያለበት ምልክት ወደ መውጫው ይወስዳል፤ እናንተ የምትፈልጉት «ትራንስፈር» የሚለውን ነው። ካላወቃችሁት ቦርዲንግ ፓሳችሁን ለዩኒፎርም ለባሽ ሠራተኛ አሳዩና «አዲስ አበባ፣ ትራንዚት» በሉ፤ ሁለቱን ቃላት በየትም አገር ይረዷቸዋል። ዱባይ ላይ ደግሞ ተርሚናሉን ጠይቁ። ኤሚሬትስ በተርሚናል 3 ሲሠራ፣ ፍላይ ዱባይ አብዛኛውን በረራውን የሚያደርገው በማኮብኮቢያው ማዶ ካለው ተርሚናል 2 ነው፤ በመካከላቸው በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ለዚህም በቂ ጊዜ ተዉለት።

በትራንስፈር መንገድ ላይ እንደ ገና ፍተሻ አለ። በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ጠርሙስ የተያዘ ፈሳሽ ሁሉ ይወሰዳል። ለእናት የተገዛ ሽቶ፣ ማር፣ የወይራ ዘይት፣ ጠበልም ቢሆን አይለይም። ስንት እኅት በዚያ ጠረጴዛ ፊት አልቅሳለች! እነዚህን ቀድሞውኑ በሚረከበው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልላችሁ አስገቡ። በአንጻሩ ፖውር ባንክ በሚረከበው ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ቦርሳ ነው የሚያዘው። ኤሚሬትስ ከኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበረራ ላይ በፖውር ባንክ ስልክ መሙላትን ስለ ከለከለ፣ ስልካችሁን በኤርፖርቱ ሶኬት ሞልታችሁ ግቡ።

ከፍተሻው ቀጥሎ ወዲያውኑ ትልቁን ሰሌዳ ፈልጉ። የበረራችሁን ቍጥር፣ ሰዓቱንና የጌቱን ቍጥር በወረቀት ጻፉ። ጌቱ ገና ካልተጻፈ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚወጣው። ከወጣም በኋላ ሊለወጥ ስለሚችል ከመተኛታችሁ በፊትና ስትነሡ ሁለቱንም ጊዜ ተመልከቱት። በብዙ ትልልቅ ኤርፖርቶች በድምፅ ማጉያ ስም እየተጠራ «ኑ ተሳፈሩ» አይባልም። አንዳንድ እኅቶች «ሲጠሩን እንነሣለን» ብለው ተቀምጠው አውሮፕላኑ ሄዶባቸዋል። ጌቱ የሚዘጋውም በመነሻው ሰዓት ላይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። በስደተኛ ጉዳይ ቢሮ በኩል ወይም ከእስር ቤት ወጥተው የሚሸኙ እኅቶች ፓስፖርታቸው በፖስታ ታሽጎ ለአውሮፕላኑ ሠራተኞች የሚሰጥበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነባችሁ፣ ከመውረዳችሁ በፊት ፖስታውን ማን እንደሚቀበል ጠይቁ፤ የተቀበለውንም ሰው አትለዩት። ፓስፖርቱ በአንድ ጠረጴዛ፣ እናንተ በሌላ አዳራሽ ሆናችሁ ሌሊቱ እንዳያልፍ።

«ያዥልኝ» የምትል ቃል

በኤርፖርት ውስጥ በገዛ ቋንቋችን ሲያናግሩን ልባችን ይከፈታል። ይህ ተፈጥሮ ነው፤ መልካምም ነው። ሌሊቱን ከአገራችን ልጅ ጋር ማውራት ያበረታል። ነገር ግን በዚያው ቋንቋ እንዲህ የሚል ሰው ይመጣል፦ «እኅቴ፣ ሻንጣዬ ከብዶብኝ ነው፤ ይችን ትንሽ ቦርሳ ያዥልኝ። ቦሌ ወንድሜ ይቀበልሻል፤ ለልጆች ልብስ ነው።» ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እናንተ ግን በውስጡ ያለውን አታውቁም፤ ሕጉ ደግሞ የሚጠይቀው በእጇ የተገኘባትን ነው። በዚህ አካባቢ ባሉ አገሮች በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ያለው ቅጣት እጅግ ከባድ ነው። ሳውዲ ዓረቢያ በኖቬምበር 2022 እ.ኤ.አ. በዚህ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈጸም እንደ ገና ጀምራለች። «አላውቅም ነበር» ማለት ሰውን ከፍርድ ቤት አያወጣም።

እንዴት እንመልስ? እኛ አበሾች «እምቢ» ማለት ይከብደናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ስለዚህ ቃሉን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ የሰው ዕቃ አልይዝም።» ከዚህ በላይ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ምክንያት ስትደረድሩ ለእያንዳንዱ መልስ ይገኝለታል። ቢለምን፣ ቢቈጣ፣ «አገር ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ቢል ተነሥታችሁ ሠራተኞች ወዳሉበት ሂዱ። ለጥቂት ደቂቃ «ጠብቂልኝ» ተብሎ የሚተው ቦርሳም ከዚሁ ይቈጠራል።

መድኃኒትንም በሚመለከት፣ ለራስ ሕመም የሚወሰድ ቢሆንም በራሱ ፓኬትና ከሐኪም ወረቀት ጋር ይያዝ። ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ በኤምሬትስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መያዝ ያስከስሳል። ጓደኛ የሰጠችንን ክኒን በላስቲክ ቋጥሮ መሄድ ይቅር።

ከዚህም ሌላ «ለምን አገር ትገቢያለሽ? እዚሁ ሥራ አለ፤ ቪዛውን እኔ አወጣልሻለሁ» የሚል ሰው ያጋጥማል። ደህና ሥራ ያለው ሰው በሌሊት በኤርፖርት ወንበር መካከል እየዞረ ሠራተኛ አይፈልግም።

ለሰውነት ዕረፍት

ከተማውን ወጥተን ብናይስ የሚሉ አሉ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያለው ሰው ለመውጣት ቪዛ ያስፈልገዋል። ኤምሬትስ የ48 እና የ96 ሰዓት የትራንዚት ቪዛ ብትሰጥም፣ ከጉዞው በፊት በአየር መንገዱ በኩል መጠየቅ አለበት። ለአንዲት አጭር ሌሊት ይህ ሁሉ ድካም አያዋጣም። ይልቅስ ለአየር መንገዱ ጠረጴዛ «ሆቴል ይሰጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ አየር መንገዶች ሌላ ቅርብ በረራ ስላልነበራቸው ሰውን ሲያሳድሩ ማደሪያና ምግብ ይሰጣሉ፤ ሳይጠይቁ ግን ላይነግሯችሁ ይችላሉ።

ውስጡም ቢሆን የሚታይ አያጣም። በ2014 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዶሐው ሐማድ ኤርፖርት በመካከሉ 7 ሜትር የሚረዝም ቢጫ ድብ ተቀምጦበታል፤ ራሱ ላይ መብራት ተተክሎበታል። የስዊዘርላንድ ሠዓሊ ሥራ ነው ይባላል እንጂ እኛ ስናየው የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ለመቀጣጠር ከእርሱ የተሻለ ምልክት የለም። በሰሜኑ በኩል ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዛፎች የተተከሉበት ሰፊ የአትክልት ስፍራ አለ። በቤት ውስጥ ተዘግታ የኖረች እኅት በዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ብትቀመጥ እንደ ከበረ ጊዜ እንቈጥረዋለን። በሱቆቹ ግን አትዘግዩ። የዱቲ ፍሪው ቸኮላት በከተማ ሱቅ ከምታገኙት ብዙ ጊዜ ይወደዳል፤ ሱቁ ውስጥ የሚያልፉት ሁለት ሰዓታትም ከእንቅልፋችሁ የሚቀነሱ ናቸው።

እንቅልፍን አደራ እንላለን። በሐማድ ኤርፖርት ለሴቶች ብቻ የተለዩ ጸጥ ያሉ ማረፊያ ክፍሎች አሉ፤ ጋደም የሚያሰኝ ወንበር አላቸው፤ አይከፈልባቸውም። ቶሎ ስለሚሞሉ ሰሌዳውን እንዳያችሁ ወደዚያ ሂዱ። ቦታ ካጣችሁ ቤተ ሰቦችና ሴቶች የተቀመጡበትን፣ መብራት ያለበትንና ሰሌዳው የሚታይበትን ስፍራ ምረጡ። ጥግና ጨለማ ምቹ ቢመስልም ለብቻዋ ላለች ሴት አይሆንም። ማቀዝቀዣው አጥንት ይሰብራል፤ ነጠላ፣ ካልሲና አንድ ሹራብ በእጅ ቦርሳ ይኑር። ፓስፖርቱ፣ ቦርዲንግ ፓሱና ገንዘቡ ከልብስ ሥር በምትታሰር ትንሽ ከረጢት ይግቡ፤ የቦርሳውን ማንገቻ በክንዳችሁ ወይም በእግራችሁ ጠምጥሙት። ስልካችሁን ለሁለት የተለያየ ሰዓት ደውል ሙሉት፤ አጠገባችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ሌላ መንገደኛ ካለችም ተራ በተራ ለመነቃቃት ተስማሙ። በምሳሌያችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ30 ብትተኙና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ30 ብትነሡ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኝታችኋል። በሰው ቤት ሳለን አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ የተኛንበትን ሌሊት እስቲ እንቍጠር!

ስለ ምግቡ ረጅም ነገር የለም። ቂጣ፣ ዳቦ፣ ተምር ይዛችሁ ግቡ፤ ደረቅ ምግብ በፍተሻ አይከለከልም። ባዶ የውኃ መያዣ ይዛችሁ ከፍተሻ በኋላ ከነጻው ቧንቧ ሙሉ።

ለቤተ ሰብ መደወልን በተመለከተ ዋይፋዩ በነጻ ነው፤ ነገር ግን በኤምሬትስና በኳታር የዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ ላይሠራ ይችላል። ስልኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጨነቁ፤ የድምፅ መልእክት ቀድታችሁ ላኩ። ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት ሰው፣ የምትደርሱበትን ሰዓት ንገሩ። ለሰፈሩ ሁሉ ማስታወቅ አያስፈልግም።

በወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከእንቅልፍ በፊት ወይም በኋላ አንድ ሰዓት ለዚህ ለዩ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ።

በመጀመሪያ የያዛችሁትን ገንዘብ ቍጥር ጻፉ። ከቍጥሩም ሥር የማን እንደ ሆነ ጻፉ። ከዚህ ገንዘብ ላይ ለደላላ የቀረ ዕዳ አለ፤ የእናት ቤት ጣሪያ አለ፤ የወንድም ትምህርት አለ፤ ምናልባት ጓደኛ «አድርሽልኝ» ብላ የሰጠችው አለ፤ እርሱ ከናንተ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል። ቀጥሎ «ይህ አይነካም» የምትሉትን ለዩና ክበብ አድርጉበት። ይህን ቦሌ ከደረስን በኋላ ማድረግ አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን አይደረግም። እናት እያለቀሰች ስታቅፍ፣ አጎት «ልጄ አድገሻል» ብሎ ሲመርቅ፣ የእኅት ልጆች እጅ እጅ ሲያዩ፣ በዚያች ሰዓት ቍጥር የሚያሰላ ልብ የለም። ሌሊት የተጻፈ ወረቀት ግን በቦርሳ ውስጥ ይጠብቃል። ለሚለምናችሁ ሰው የምትመልሱትንም አስቡበት። «የለኝም» ማለት ውሸት ይሆንባችኋል፤ «ሁሉንም ዕቅድ አውጥቼበታለሁ፤ አንድ ወር ታገሡኝ» ብትሉ ግን እውነት ነው፤ ሰውንም አያስቀይምም።

የምንዛሪውንም ዋጋ በዚያው በዋይፋይ ተመልከቱ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ጁላይ 2024 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባንኮች የውጭ ገንዘብ የሚገዙበት ዋጋ በገበያ የሚወሰን ሆኗል። የዕለቱን የባንክ ዋጋ ካወቃችሁ፣ በር ላይ ቆሞ «ዶላር አለሽ?» የሚል ሰው ሊያታልላችሁ አይችልም።

ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የሚመለሱ እኅቶች እንዳሉ አንዘነጋም። ለእነርሱ ይህች ሌሊት ከሁሉ ይልቅ መራራ ናት። ቤተ ሰብ ሻንጣ ይጠብቃል፤ እነርሱ በላስቲክ የተቋጠረ ልብስ ይዘዋል። እኅታችን ሆይ፣ በዚያች ሌሊት የምትሠሪው አንድ ሥራ አለሽ። ትዝ የሚልሽን ሁሉ ጻፊ፦ የአሠሪሽን ሙሉ ስም፣ የሰፈሩንና የሕንፃውን ስም፣ ስልክ ቍጥሩን፣ ሥራ የጀመርሽበትንና የወጣሽበትን ቀን፣ የተከፈለሽንና ያልተከፈለሽን ወሮች፣ የላከሽን ኤጀንሲ። የመኖሪያ ፈቃድሽና የውልሽ ፎቶ በስልክሽ ካለ ለምታምኚው ሰው ላኪ፤ ስልክ ይጠፋል። አገር ከገባሽ ከወር በኋላ የመንገዱ ስም ይጠፋብሻል፤ የወሩም ቍጥር ይምታታብሻል። ቀን የተጻፈበት ወረቀት ግን ለኤምባሲም፣ ለሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም፣ ለሕግ ባለሙያም ማስረጃ መነሻ ይሆናል። ለቤተ ሰብሽም ያው እውነቱን ንገሪ፦ «ሠርቻለሁ፤ አልከፈሉኝም።» የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ የከለከሉሽ እነርሱ ናቸው፤ ዕፍረቱ የከልካዩ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

ዕንባ ቢመጣስ? ይምጣ። በአሠሪ ፊት ማልቀስ ላልተፈቀደላት ሰው በኤርፖርት ማልቀስ ነውር አይደለም። ነገር ግን ልቧ የደከመ፣ ያልበላች፣ ብቻዋን የምታወራ እኅት አጠገባችሁ ብታዩ አትለፏት። ውኃ ስጧት፤ ጌቷንና ሰዓቷን ጠይቁላት። ራሷን ካልቻለች ለኤርፖርቱ ሠራተኛ ወይም ለክሊኒኩ አሳውቁ።

በረራው ቢሰረዝ

አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱ ከታሰበው ይረዝማል። ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጁን 23 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ማታ ኳታር ሰማይዋን ለጥቂት ሰዓታት ስትዘጋ፣ ወደ ዶሐ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ሌሎች አገሮች ተመልሰው፣ እጅግ ብዙ መንገደኞች በየኤርፖርቱ ሳይታሰብ ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚጠቅመው ቀላል ነገር ነው፦ የተሞላ ስልክ፣ በወረቀት የታተመ ቲኬት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ጥቂት ዶላር በእጅ። ሕዝቡ ሲሯሯጥ ከአየር መንገዱ ጠረጴዛ ሰልፍ አትውጡ፤ አዲሱ በረራ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁም ከኤርፖርቱ አትውጡ። ምግብና ማደሪያ ጠይቁ። ለሚቀበላችሁ ሰውም ቶሎ መልእክት ላኩ፤ ቦሌ በር ላይ ሲጠብቅ እንዳይውል።

ደኅና ሌሊት ከሆነ ግን ደውሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ30 ይጮኻል። ተነሡ፤ ፊታችሁን ታጠቡ፤ ጥርሳችሁን ቦርሹ፤ ለዚያች ቀን ያስቀመጣችሁትን ልብስ ልበሱ። ከረጢቷን ዳሱ፤ ፓስፖርቱ አለ። ሰሌዳውን እንደ ገና እዩ፤ ጌቱ ተለውጦ ከሆነ ሩቅ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ተጓዙ። ወደ ጌቱ ስትቀርቡ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ትሰማላችሁ፤ ትክክለኛ ቦታ እንደ ደረሳችሁ በዚህ ይታወቃል። ሆኖም በላዩ ያለውን የበረራ ቍጥር አንብቡና ተራ ያዙ።

በሚቀጥለው እትማችን ቦሌ ከወረድን በኋላ ስለ ጉምሩክና ሻንጣ ስለ መረከብ እንማማራለን። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እኅቶች ያያችሁትን ጽፋችሁ ወይም በድምፅ ቀድታችሁ ብትልኩልን በዓምዱ እናወጣዋለን።